በእህቷ ፋንታ የተለካች

መጀመሪያ ዐይን የሚገባው ትከሻዋ ነው። ቀኙ ከግራው ዝቅ ይላል። ብዙ አይደለም፤ ግድግዳ ላይ ትንሽ ዘመም ብሎ እንደተሰቀለ ፎቶግራፍ ነው። አንዴ ካዩት ግን ብድግ ብለው ሊያቃኑት ያምርዎታል። እሷም ይህን ታውቃለች። መስታወት ባለበት መንገድ ስታልፍ ቀኝ ትከሻዋን ሳብ አድርጋ ታነሳለች፤ መስታወቱ ሲያልቅ መልሳ ትለቀዋለች። ሰው አያይም ብላ ነው። ሰው ግን ያያል፤ ያየም ሰው ምንም አይላትም፤ ይህንንም ታውቃለች።

የምትሠራው አንድ ትልቅ ሆስፒታል ላውንደሪ ውስጥ ነው። እዚያ በስሟ የሚጠራት የለም፤ በረኪና ነው የሚሏት። አንድም እጇም ጸጉሯም ምሳ ዕቃዋ ሳይቀር በረኪና በረኪና ስለሚሸት ነው፤ አንድም ምላሷ የነካውን ስለማይምር።

“በረኪና መጣች! ቀለም ያለው ልብስ የለበሰ ዘወር ይበል!” ይላል ልብስ ተኳሹ ጠዋት ስትገባ።

“አንተ ምን አስፈራህ፣ ድሮም የለቀቅህ ጨርቅ!” ትለዋለች፤ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። በእንፋሎቱ መሀል የሚስቁት ሰዎች ጥርሳቸው ብቻ ነው የሚታየው።

ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ከማሽኑ የወጣ እርጥብ አንሶላ ነው። አንሶላው የሚጓጓዝበት ቅርጫት በሁለት በኩል እጀታ አለው፤ የሠራው ሰው ለሁለት ይይዙታል ብሎ ነው። ላውንደሪው ውስጥ ግን ለአንድ ቅርጫት ሁለት ሰው ተርፎ አያውቅም። እሷ አንዱን እጀታ ትይዝና ቅርጫቱን ወደ ቀኝ ጎኗ አስጠግታ፣ ግማሹን እየጎተተች ግማሹን እየተሸከመች፣ በጓሮ በር ወደ ማስጫው ታወጣዋለች። ዓመት ዓመትን ሲተካ ትከሻዋ የቅርጫቱን ክብደት ለመደ፤ ቅርጫቱ በሌለበትም እንዳዘነበለ ቀረ።

ቤት ውስጥ እናቷ አሉ። ሚጡ የምትባል አንዲት ታናሽ እህትም አለቻት፤ ሌላ ከተማ የላብራቶሪ ባለሙያ ሆና ነው የምትኖረው። ሁለቱ ከአንድ ሻንጣ ለብሰው ነው ያደጉት። ሚጡ በቁመት እስክትደርስባት ድረስ የታላቅየዋ ልብስ ለታናሽየዋ በመርፌ እየጠበበ ይሰጣት ነበር፤ ከደረሰችባት በኋላ ግን የማን ልብስ የማን እንደሆነ ጠፋ። ጠዋት አንዷ ትምህርት ቤት ለብሳው የሄደችውን ጉርድ ከሰዓት ሌላዋ ሥራ ለብሳው ትወጣለች። በዚህ ተጣልተው አያውቁም፤ የሚጣሉት በጫማ ነበር። ሚጡ ተረከዝ ታጣምማለች።

ሚጡ ልታገባ ነው የተባለ ሰሞን ስልክ ደወለች።

“እቴቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ።”

“መቼ ሳታስቸግሪኝ ቀርተሽ?”

“ቬሎዬን እዚያ ነው የማሰፋው። እዚህ ያሉት ቬሎዎች የአልጋ አጎበር ነው የሚመስሉት፤ ወባ የሚከላከሉ ይመስላሉ።”

“ታዲያ ሳትለኪ?”

“አንቺ አለሽልኝ አይደል! እኔ ፈቃድ የማገኘው በሠርጉ ሳምንት ነው። አንቺ ተለኪልኝ። ያንቺ ልብስ መቼ ነው እምቢ ያለኝ?”

እናታቸው ከጎን ሆነው ሰምተዋል። “እውነቷን ነው! አንድ አካል አይደላችሁ እንዴ! አንቺን ለኩ ማለት እሷን ለኩ ማለት ነው፤ ይልቅ ቶሎ ሂጂላት!”

በረኪና ስልኩን እንደያዘች በግራ እጇ ቀኝ ትከሻዋን ነካ አደረገችው። ትከሻው እንዲህ የወረደው ሚጡ ከቤት ከወጣች ወዲህ ነው፤ በስልክ ደግሞ ትከሻ አይታይም። እናቷ በየቀኑ ስለሚያዩአት ልብ ብለው አላዩአትም። ‘ለሰፊዋ እነግራታለሁ’ አለች በልቧ። ‘ለእህቴ ነው፣ በቁመትና በወገብ በእኔ ልክ አድርጊው፣ ትከሻውን ግን ቀጥ አድርጊው እላታለሁ።’ ምን ይከብዳል? አንድ ዐረፍተ ነገር ነው።

የእረፍቷ ቀን እጇን እየደጋገመች በሳሙና ታጠበች፤ አሽትታው ደግማ ታጠበች። ደህና ጫማዋን ተጫማች። የቬሎ ቤቱ አንድ የመስታወት መሸጫ ሱቅ ላይ ያለ ፎቅ ነው። የመስታወቱ ነጋዴ ትልልቆቹን መስታወቶች ደጁ ፊት ለፊት ካለው አጥር አስደግፎ ስለሚደረድራቸው፣ ደረጃውን ለመውጣት በነሱ ፊት ማለፍ ግድ ነው። በረኪና ትከሻዋን ሳብ እንዳደረገች አልፋቸው ደረጃውን ወጣች።

ሰፊዋ ወፈር ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ከከንፈሯ ስፒል የማይለይ ሴት ናት። የምታወራው በአፏ ጥግ ነው፤ ያም ሆኖ ወሬዋ አያልቅም። ቤቱ ውስጥ ራስ የሌላቸው የልብስ አሻንጉሊቶች ነጭ በነጭ ለብሰው ቆመዋል፤ ከመጋረጃው በስተጀርባ ሁለት ሴቶች የስፌት መኪና ያንቀረቅባሉ።

“ነይ ግቢ ሙሽሪት!” አለች ሰፊዋ።

ስምም አልጠየቀች፣ ማንነትም አልጠየቀች። የሙያዋ ልማድ ነው። ደረጃውን የወጣችውን ሁሉ ሙሽሪት ትላለች፤ ሙሽራ ያልሆነችዋ ራሷ “አይ፣ እኔ ሚዜ ነኝ”፣ “አይ፣ እኔ እናቷ ነኝ” ብላ ታስተካክላታለች። ሁልጊዜ የሚያስተካክላት ሰው ስላለ ጠይቃ አታውቅም።

በረኪና ስልኳን አውጥታ ሚጡ የላከችውን ፎቶ አሳየቻት። አንገቱ ከትከሻ እስከ ትከሻ ሰፋ ብሎ የተከፈተ፣ እጅጌው ዳንቴል የሆነ ቬሎ ነው።

“ይሄንን ነው የምፈልገው” አለች።

‘እህቴ የምትፈልገው’ ልትል ነበር። እንዴት እንደሆነ ሳታውቀው ‘እህቴ’ የምትለው ቃል ሳትወጣ ቀረች።

“ምርጫ ታውቂያለሽ! በይ ልኩን እንድንይዝ ይቺን ልበሻት” ብላ ሰፊዋ አንድ የናሙና ቬሎ አቀበለቻትና ወደ መጋረጃው ገፋ አደረገቻት። ለብሳ ስትወጣ፣ በሦስት በኩል መስታወት ካለው ዝቅተኛ መቆሚያ ላይ አወጣቻት።

እንዴት ያለ ነገር ነው! ዕድሜዋን ሙሉ ነጭ ስታጥብ፣ ነጭ ስታሰጣ፣ ነጭ ስታጥፍ የኖረች ሴት ነጭ ለብሳ አታውቅም ነበር። የሥራ ጋዋኗ እንኳ ሰማያዊ ነው። ነጭ ማለት ለሷ የሌላ ሰው ሕመም ያረፈበት፣ አንጽታ ለሌላ ሰው የምታስረክበው ነገር ነው። አሁን ያ ነጭ ከአንገቷ ጀምሮ እስከ መሬት የሷ ነበር። እጇን አንስታ ዳንቴሉን ነካችው፤ ጣቷ ሻካራ ስለሆነ ክሩን ያዝ አደረገው፤ ደንግጣ እጇን መለሰች።

ሰፊዋ ሜትሯን ዘርግታ ደረቷን ለካች፣ ወገቧን ለካች፣ ትከሻዋ ላይ ስትደርስ ሜትሩ ቆመ። በረኪና በመስታወቱ ውስጥ የሰፊዋን ዐይን አየችው። ያ ሰው ሁሉ አይቶ የሚያልፈውን ነገር ሴትየዋ አላለፈችውም።

“ምንድን ነው ሥራሽ?”

“ሆስፒታል። አንሶላ አጥባለሁ።”

“ትከሻሽ እኮ ነገረኝ!” አለች ሰፊዋ፣ አንዲት ጨርቅ እያጠፈች። “የኔም ወገብ ከመኪናው ጋር ተጣብቆ ቀርቷል፤ ስቆምም የተቀመጥኩ ነው የምመስለው። አይዞሽ የኔ ሙሽሪት። በቀኙ በኩል ስፖንጅ ከውስጥ አስገባለሁ፣ የግራውን ደግሞ ትንሽ ዝቅ አድርጌ እቆርጠዋለሁ። እኔና አንቺ ካልተናገርን ማን ያውቃል? ባልሽም አያውቅ!”

የታጠፈችውን ጨርቅ ከቬሎው ሥር በቀኝ ትከሻዋ ላይ ሰካቻትና አገጯን ቀና አደረገችላት።

መስታወቱ ውስጥ አንዲት ቀጥ ያለች ሴት ቆማለች። በረኪና ትከሻዋን አልሳበችም፤ እንዲያው እንደቆመች ቀጥ ብላለች። ሳትታገል ቀጥ ማለት ምን እንደሚመስል ረስታው ነበር።

ያን ጊዜ ነበር መናገር የነበረባት። ‘ተይ፣ ለኔ አይደለም፤ የእህቴ ትከሻ ደህና ነው’ ማለት ነበረባት። አፏን ከፈተች። ሰፊዋም ስፒሏን እንደነከሰች ትጠብቃታለች።

“ጥሩ ነው” አለች በረኪና።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ሆነ። “ባልሽስ ምን ይሠራል?” ስትላት “ቦይለር” አለች። ከየት እንዳመጣችው አታውቅም። የሆስፒታሉን ቦይለር፣ ትልቁን የውሃ ማሞቂያ፣ የሚጠብቅ አንድ ሠራተኛ ነበር፤ አንድ ክረምት ብቻ፣ ቅርጫቱን ስታወጣ ከእንፋሎቱ ክፍል ብቅ እያለ፣ ሳይጠየቅ ሁለተኛውን እጀታ ይይዝላት ነበር። ወሬ አያበዛም። ሁለት ሆነው ሲይዙት ቅርጫቱ ቀላል፣ መንገዱ አጭር ይሆናል። ክረምቱ ሲያልቅ ወደ ሌላ ሆስፒታል ተዛወረ። በቃ፣ ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር አልነበረም። እሷ ግን አሁን ቬሎ ለብሳ፣ “ቅርጫት አብሮኝ ይይዛል” አለች።

“ውይ!” አለች ሰፊዋ ስፒሏን ከአፏ አውጥታ። “እንዲህ ነው እንጂ ባል! የኔ እንኳን ቅርጫት፣ ሪሞት አያቀብለኝም።”

ደረጃውን ስትወርድ ፊቷ እሳት ሆኖ ነበር። ‘ሁለተኛ ቀን ስመጣ እነግራታለሁ’ አለች። ያንን ሁለተኛ ቀን እየተለማመደች ሰነበተች፤ አንሶላ ስትዘረጋ ለአንሶላው ትናገራለች፣ ውሃ ሲፈስ ለቧንቧው ትናገራለች። ልብስ ተኳሹ “በረኪና ብቻዋን ማውራት ጀመረች፤ ኧረ መስኮት ክፈቱላት፣ ሽታው ናላዋን አዙሮታል!” ቢላት እንኳ መልስ አልሰጠችውም፤ ይህ ደግሞ ሁሉንም አስደነገጠ።

ለሙከራው ስትሄድ ግን ሰፊዋ ገና ከደጅ ክንዷን ይዛ አስገባቻትና፣ ካለበሰቻት በኋላ መጋረጃውን ገልጣ ሁለቱን መኪና ላይ ያሉ ሴቶች ጠራቻቸው። “ኑ የኔን ሙሽሪት እዩልኝ! ይቺን አይቶ ትከሻዋ ምን ሆኗል የሚል ካለ ዐይኔን!” ሴቶቹ ሥራቸውን ትተው አጨበጨቡላት። አንደኛዋ “ታምሪያለሽ” አለቻት፤ በደረቁ፣ በእውነት፣ ምንም ሳትፈልግባት። እንዲህ ያላት ሰው ከመቼ ወዲህ እንደሆነ በረኪና አታስታውስም። ለአንሶላው የተናገረችውን ሁሉ ዋጠችው።

“አመሰግናለሁ” አለች።

ቬሎው ባለቀ ጊዜ ዚፕ ባለው የልብስ መያዣ አድርጋ፣ በግራ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ወደ ቤት አመጣችው። እናቷ ጎረቤት የሄዱ ጊዜ በሯን ቆልፋ፣ ቬሎውን ገልብጣ፣ በመቀስ ስፖንጁን ልታወጣ ሞከረች። ውስጡን ስታየው ግን መቀሱን ገታ አደረገችው። ሰፊዋ ስፖንጁን በስስ ጨርቅ ሸፍና በጥቃቅን ስፌት ዙሪያውን ይዛዋለች፤ ማንም የማያየው ቦታ ላይ እንዲህ ያለ ልፋት! ቢወጣም ጥቅም የለውም፤ የጨርቁ አቆራረጥ ራሱ ለሷ ትከሻ ተብሎ የተዛነፈ ነው። ግራውና ቀኙ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይመስላሉ። መቀሱን መልሳ አስቀመጠችው።

ሚጡ ደወለች። “እንዴት ነው? አንቺ ላይ እንዴት ሆነ?”

“ልክ ነው።”

“እኔ ላይም ልክ ነው ማለት ነዋ!”

“እማ ትጠራኛለች” ብላ ስልኩን ዘጋች። እናቷ ተኝተው ነበር።

ሚጡ መጣች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ቬሎውን ለበሰች። እናት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እንባቸውን ለማፍሰስ መሀረብ አዘጋጅተዋል። በረኪና ዚፑን ከኋላ ዘጋችላት፤ ወገቡ ልክ ነው፣ ቁመቱ ልክ ነው። ሚጡ ወደ መስታወቱ ዞረች።

ቀኝ ትከሻዋ ላይ ጨርቁ ጉብ ብሎ ቆሟል፤ አንድ የማይታይ ሰው በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ የያዘው ይመስላል። በግራ በኩል ደግሞ ዳንቴሉ ወደ ታች ይጎትታታል። ሚጡ ትከሻዋን አነሳች፤ ዝቅ አደረገች፤ ዞር ብላ አየች። ደስታዋ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

“እቴቴ፣ እኔ ጎባጣ ነኝ እንዴ?”

“ማን ጎባጣ አለሽ?” ጮኹ እናት።

“ቀን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ነው የምውለው። አጣሞኛል ማለት ነው። አይታወቀኝም ነበር።” ዞራ ጀርባዋን በመስታወቱ አየች። “በፎቶም ላይ እንዲህ ልታይ ነው? ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር? አንቺም ታውቂ ነበር?”

በረኪና መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ያ ጥያቄ የራሷ ጥያቄ ነው፤ ዓመታት ሙሉ ማንንም ሳትጠይቅ ይዛው የኖረችው። አሁን ምንም ካላጠፋችው እህቷ አፍ ወጣ።

“አንቺ ደህና ነሽ። ልብሱ ነው። ይስተካከላል” አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

“ልብሱማ ነው!” እናት መሀረባቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ተነሡ። “ልጄን የምታጎብጥ ሰፊ! ተነሱ እንሂድ፣ ልክ ልኳን ነው የምነግራት!”

“እማ፣ እኔ ብቻዬን ልውሰደው። ደክሞሻል።”

“አንቺማ ‘ጥሩ ነው’ ብለሽ ነው የምትመለሽው! ዐይንሽ እያየ አይደል እንዲህ አድርጋ የሰፋችው?”

እናት ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ እንደ ጋሻ ይዘው ከፊት፣ ሚጡ ቬሎውን ታቅፋ ከመሀል፣ በረኪና ከኋላ ሆነው ሄዱ። መንገዱ ቢረዝም ብላ ተመኘች፤ የማያስፈልጉ ቦታዎች ላይ መኪና እስኪያልፍ ቆመች። በመስታወቶቹ ፊት ሲያልፉ ትከሻዋን መሳብ ትዝ አላላትም።

ሰፊዋ ደረጃው አናት ላይ ገና ስታያት ፊቷ በራ። “ውይ የኔ ሙሽሪት! ቦይለሩስ ደህና ነው?”

“የምን ቦይለር?” አሉ እናት። “እኛ በባልዲ ነው የምንታጠበው! ሙሽሪትማ ይቺትና፣ ያጎበጥሻት! ልበሽው ልጄ፣ ልበሽና አሳያት!”

ሚጡ ከመጋረጃው ጀርባ ለብሳ ወጣችና መቆሚያው ላይ ወጣች። በሦስቱ መስታወቶች ውስጥ ሦስት ጎባጣ ሙሽሮች ታዩ።

ሰፊዋ የሚጡን ትከሻ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ዞራ የበረኪናን ትከሻ አየች። ከአፏ ስፒሎቹን አንድ በአንድ አወጣች፤ እያንዳንዷን መዳፏ ላይ ስታኖር የሆነ ነገር እየገባት ይሄድ ነበር። በረኪና ዐይኗን ወለሉ ላይ ወደወደቁ የክር ቁርጥራጮች አወረደች። ‘አሁን ትናገራለች’ አለች በልቧ፤ ‘በቃ፣ ጉዴ ወጣ።’

“ስህተቱ የኔ ነው እማማ” አለች ሰፊዋ። “ልኬቱን እኔ ነኝ ያሳሳትኩት።”

እናት ይህንን ነበር የሚጠብቁት። “ታዲያ ዐይንሽን የት ጥለሽው ነው የምትሰፊው? የሰው ልጅ ሠርግ ቀልድ መሰለሽ? ሙሽራ መለካት የማይችል እጅ መጋረጃ ይስፋ! የማውቀው ሰው ሁሉ ይቺን ደረጃ እንዳይረግጥ ነው የማደርገው፣ ቆይ!”

“ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

“ይቅርታሽን ልበሽው!”

ከመጋረጃው ጀርባ የስፌት መኪናዎቹ ዝም አሉ። “ታምሪያለሽ” ያለቻት ሴት በመጋረጃው ክፍተት በረኪናን ታያታለች። አትቆጣም፣ አትፈርድም፤ ብቻ ታያታለች፤ ትጠብቃታለች።

መጀመሪያ በረኪና የተሰማት እፎይታ ነበር። ‘አለፈልኝ’ ብላ ነበር፤ ትንፋሿም መለስ ብሎላት ነበር። በኋላ ነገሩን ሁሉ ስታስበው ከውሸቱ ይልቅ፣ ከቦይለሩም ይልቅ፣ የሚያሸማቅቃት ያ እፎይታ ነው። አንዲት ሴት፣ ለሷ ብላ ማንም በማያየው ቦታ በጥቃቅን ስፌት የለፋች ሴት፣ በሷ ፈንታ ስትሰደብ እሷ ትንፋሽ እየሰበሰበች ነበር።

“እማ፣ ተያት” አለች። ድምፅዋ አልወጣላትም፤ ደገመችው። “ተያት እማ። አላሳሳተችም። የኔን ትከሻ ነው የለካችው።”

“ያንቺን መሆኑንማ እናውቃለን! አንድ አካል—”

“አንድ አይደለንም። የኔ ትከሻ የወደቀ ነው። እዪው።” ዞር ብላ ጀርባዋን ሰጠቻቸው፤ ሆን ብላ ለሰው ስታሳየው የመጀመሪያዋ ነው። “እሷ እኔን ልታቃና ብላ ነው እንዲህ ያደረገችው። ሙሽራዋ እኔ መስያት ነበር። አይደለሁም አላልኳትም። ዝም አልኳት።”

“አንቺ?” አሉ እናት። “ሙሽራ?”

አልፎ አልፎ ሰው ሳያስበው ይስቃል። እናትም ትንሽ ሳቅ አመለጣቸው፤ ክፋት የሌለው፣ እንዲያው ነገሩ እንግዳ ቢሆንባቸው ያመለጣቸው ሳቅ። ወዲያው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ግን ሳቁ ወጥቶ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ሰምቶታል። ምላሷ የነካውን የማይምር በረኪና ጀርባዋን እንደሰጠቻቸው ቀረች።

ሚጡ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ከመቆሚያው ወረደች። አጠገቧ መጥታ እጇን ቀኝ ትከሻዋ ላይ አኖረች።

“ይሄ መቼ ነው እንዲህ የሆነው?”

“ቆይቷል።”

“አላየሁትም” አለች ሚጡ፤ አሁን እሷም አንገቷን ደፋች። “ቦይለሩስ ማነው?”

“ማንም አይደለም። ድሮ ቅርጫት ይይዝልኝ የነበረ ሰው ነው። በቃ።”

ሚጡ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ “ስትለብሽው አማረብሽ?” አለቻት።

‘አይ’ ብትል ቀላል ነበር። ነገር ግን እዚህ ቤት ውስጥ የዋሸችው በቅቷት ነበር።

“አማረብኝ” አለች፤ ከተናገረችው ሁሉ ይልቅ ይቺ ቃል አሳፈረቻት።

ከዚያ በኋላ ሥራ ሆነ። ሚጡ ተመልሳ መቆሚያው ላይ ወጣች። ሰፊዋ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች፣ በትንሿ መቀስ ስፌቱን ከውስጥ ፈታች፤ ስፖንጁ ወለሉ ላይ ዱብ አለ። ግማሽ ዳቦ የምታክል ነገር ናት። የግራውን ጠርዝ ከፍ አድርጋ በስፒል ያዘችው፣ የቀኙን ለቀቀችው፤ ጨርቁ እንደ ውሃ ወርዶ የሚጡ ትከሻ ላይ ተኛ። ሚጡ ቀጥ አለች። እናት መሀረባቸውን አወጡ፤ አሁን ማልቀስ ይቻላል። ለሰፊዋም “የአፍሽን ስፒል እንዳትውጪው ብቻ” አሏት፤ የሳቸው ይቅርታ ይሄው ነው።

በረኪና ለማገዝ ተጠጋች። የቬሎውን ጫፍ ከመሬት ልትይዝላት ጎንበስ አለች። “ይቅርታ አድርጊልኝ” አለች ቀስ ብላ፣ ለሰፊዋ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ሰፊዋ ቀና ብላ አላየቻትም። አልተቆጣችም፤ ፊቷም ክፉ አልሆነም። አንዲት ስፒል ከመዳፏ አነሳችና፣ “ምንም አይደል። እትዬ፣ እስቲ ከመብራቱ ዞር ይበሉልኝ” አለች።

እትዬ። ይበሉልኝ። በመጣች ቁጥር ሙሽሪት፣ የኔ ሙሽሪት፣ አንቺ፣ አይዞሽ ያለቻት ሴት አሁን አከበረቻት። እንዲህ ያለ ክብር ፊት ላይ እንደሚዘጋ በር ነው። በረኪና ከመብራቱ ዞር አለች። ጥላዋ ከቬሎው ላይ ሲነሣ ነጩ ቦግ አለ።

“ሥራ አለብኝ፤ የከሰዓት ተረኛ ነኝ” አለች ለማንም ሳይሆን።

“እቴቴ፣ በሠርጉ ቀን አጠገቤ ነው የምትቆሚው። ሰማሽ?” አለች ሚጡ ከመቆሚያው ላይ፤ ስፒል እንዳይወጋት አንገቷን ብቻ አዙራ።

“ሰምቻለሁ።”

“በየትኛው በኩል እንደምትቆሚ አንቺ ምረጪ።”

በረኪና ‘እሺ’ በሚል ራሷን ነቀነቀች። ስፖንጁ እግሯ ሥር ነበር፤ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ ከሌሎቹ ቁርጥራጮች ጋር። ደረጃውን ቀስ ብላ ወረደች።

ሚጡ በመስኮቱ በኩል አየቻት። የመስታወት ነጋዴው ደጅ ላይ ትልልቆቹ መስታወቶች ተደርድረዋል፤ የከሰዓት ፀሐይ አርፎባቸዋል። እህቷ በመጀመሪያው ፊት አለፈች፤ ትከሻዋን አላነሳችም። ኮርታ አይደለም፤ ቀና ብላ ራሷን ማየት አቅቷት ነው። በሁለተኛው ፊት አለፈች። በመስታወቶቹ ውስጥ ቀኝ ትከሻቸው የወረደ ብዙ ሴቶች አንዷ ሌላዋን እየተከተለች፣ አንገታቸውን ደፍተው ይሄዳሉ፤ ሁሉም ለሥራ ይቸኩላሉ፤ አንዷም ዞር አላለችም። መጀመሪያ ያለችው ከጠርዙ ወጣች፣ ቀጥላ ሌላዋ፣ ቀጥላ ሌላዋ፤ እስከ መጨረሻው መስታወት ድረስ። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ መንገዱ ብቻ ቀረ።